ባዶ የቀሩት ወንበሮች

የምርጫ 97 ወሬ ሲነሳ ሁሌም የምንከራከረው ማን አሸነፈ ማን ሰረቀ በሚለው ነው። እኔን ግን ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ የሚያንገበግበኝ ሌላ ነገር ነው። በምርጫ ቦርድ በራሱ ቆጠራ እንኳን ገዥው ኢህአዴግ 327፣ ተቃዋሚዎቹ ቅንጅት 109፣ ኅብረት 52 ወንበር አግኝተው ነበር እኮ። ይሄን ያህል ተቃዋሚ ያለበት ፓርላማ ከዛ በፊትም ከዛ በኋላም አላገኘንም፣ ያገኘነውንም ሳንጠቀምበት አመለጠን።

ግንቦት 7 ቀን ገና ሳይነጋ ነው የተሰለፍኩት፣ ወረቀቴን ኮሮጆ ውስጥ የከተትኩት ደሞ ከሰዓት በኋላ ነው፣ ከኋላዬ የነበሩት እስከ ማታ ቆመዋል፣ ደከመኝ ብሎ ወደ ቤቱ የሄደ ሰው ግን አላየሁም። ከዛ በፊት በነበሩት ወራት ክርክሩ በቴሌቪዥን ሲተላለፍ ሰው ስራውን ትቶ ነው ያየው፣ ባለስልጣን ፊት ለፊት ሲጠየቅና መልስ ለመስጠት ሲገደድ ማየት ለኛ አዲስ ነበር። ሚያዝያ 30 ለቅንጅት ሰልፍ መስቀል አደባባይ የወጣውን ሕዝብ ያየ ሰው አይረሳውም። አዲስ አበባ 23ቱንም የፓርላማ ወንበር ለቅንጅት ሰጠች፣ ከከተማው ምክር ቤት 138 ወንበር ደሞ 137ቱን።

ከዛ የመጣውን እናውቃለን። ድምፅ በተሰጠበት ቀን ማታ መለስ ዜናዊ አዲስ አበባ ውስጥ ሰልፍ ከለከሉ፣ ሰኔ ላይ ከዛም ጥቅምት 1998 ላይ ጥይት ተተኮሰ፣ ፓርላማው ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን 193 ሰላማዊ ሰዎች መገደላቸውን አረጋገጠ፣ የቅንጅት መሪዎች ታሰሩ፣ የሞባይል አጭር መልእክት እንኳን ለሁለት ዓመት ያህል ተዘጋ። የዚህ ሁሉ ተጠያቂ ተኩሱ ያለውና የተኮሰው ነው፣ እዚህ ላይ አንደራደርም።

ግን ቅንጅት ፓርላማ እንግባ አንግባ ብሎ ሲከራከር ቆይቶ እንደ ፓርቲ አንገባም ማለቱ (ብዙ ተመራጮቹ ኋላ ላይ በግላቸው ቢገቡም)፣ አዲስ አበባንም አለመረከቡ ትልቅ ስህተት ነበር ብዬ አምናለሁ። አንገባም ያሉት ሰዎች ምክንያት አልነበራቸውም አልልም፣ ድምፃችን ተሰርቋል ባሉበት፣ ደም በፈሰሰበት፣ የተሰናባቹ ፓርላማ አጀንዳ ለማስያዝ ከግማሽ በላይ ድጋፍ ያስፈልጋል ብሎ ደንቡን በለወጠበት ሰዓት ግቡ ማለት ቀላል አልነበረም። ቢሆንም ከተማዋ በእጃቸው ነበረች። ለመንገዱ፣ ለውሃው፣ ለቀበሌው ተጠያቂ ሆኖ የሚሰራ ሌላ ፓርቲ ምን እንደሚመስል እናይ ነበር። በሱ ፈንታ ከተማዋ በ1998 በፌዴራል መንግስት ለተሾመ ባለአደራ አስተዳደር ተሰጠች፣ የመረጥነው ምክር ቤት አንድ ቀን እንኳን ሳይሰራ።

ኢህአዴግ በበኩሉ ከ97 የወሰደው ትምህርት ሁለተኛ እንዲህ አይነት ምርጫ እንዳይደገም ማድረግ ነው። የሚዲያ፣ የሲቪክ ማህበራትና የፀረ ሽብር አዋጆች ተከታትለው ወጡ፣ ከአንድ ሚሊዮን በታች የነበረው የፓርቲው አባል በጥቂት ዓመት ውስጥ ከአራት ሚሊዮን በላይ ሆነ። ስለዚ በ2002 ኢህአዴግና አጋሮቹ ከ547 ወንበር 545ቱን ያዙ፣ ከተቃዋሚ የገቡት አቶ ግርማ ሰይፉ ብቻ ነበሩ፣ በ2007 ደሞ እሳቸው የነበሩበትም ወንበር ተወስዶ ሁሉም የኢህአዴግና የአጋሮቹ ሆነ።

እዚህ ጋ ቆም ብላችሁ ቀኑን እዩልኝ። ያ መቶ በመቶ የተያዘው ፓርላማ ስራ የጀመረው በመስከረም 2008 ነው። ኅዳር ላይ ኦሮሚያ ውስጥ ያለችው ጊንጪ ከተማ ለተቃውሞ ተነሳች፣ ከዛ ኦሮሚያ በሙሉ፣ ሐምሌ ላይ ጎንደር፣ በ2009 መጀመሪያ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ፣ የካቲት 2010 ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለማርያም ደሳለኝ ስልጣን ልልቀቅ አሉ። ፓርላማው ውስጥ ስለ መሬት፣ ስለ አዲስ አበባ ማስተር ፕላን፣ ስለ ታሰሩ ልጆች ተነስቶ የሚጮህ አንድ ሰው አልነበረም፣ ስለዚህ ገበሬውና ተማሪው አስፋልት ላይ ወጥተው ጮሁ፣ ብዙዎቹም በጥይት ሞቱ። መንግስትም በ2009 በፕሬዚዳንት ሙላቱ ተሾመ ንግግር የምርጫ ህጉ መሻሻል አለበት ብሎ ነበር፣ ነገሩን ያመነው ግን ቤቱ ከተቃጠለ በኋላ ነው።

ህጉ ላይ በእርግጥ ትልቅ ችግር አለ። ህገ መንግስቱ አንቀጽ 54 ላይ በምርጫ ክልሉ አብላጫ ያገኘ ተወዳዳሪ ያሸንፋል ይላል፣ ይሄ ማለት ሦስት አራት ሰው ሲወዳደር አንዱ 40 ከመቶ አግኝቶ ወንበሩን ይወስዳል፣ የቀረው 60 ከመቶ ሰው ድምፅ ሜዳ ላይ ይቀራል። ተቃዋሚዎች በየቦታው ተከፋፍለው ሲወዳደሩ ደሞ ጉዳቱ ይብሳል። ሰኔ 14 ቀን 2013 በተደረገው ምርጫ ኢህአዴግን የተካው ብልጽግና ውጤት ከተገለጸባቸው 436 ወንበሮች 410 ሲወስድ ተቃዋሚዎቹ አብን 5፣ ኢዜማ 4 ነው ያገኙት፣ የትግራይ 38 ወንበሮች ደሞ በጦርነቱ ምክንያት ባዶ ቀሩ። ያኔ በብርቱካን ሚደቅሳ ይመራ የነበረው ምርጫ ቦርድ ከበፊቱ የተሻለ ስራ እንደሰራ እኔም አይቻለሁ፣ ግን ቦርዱ ቢሻሻልም ሲስተሙ ያው ስለሆነ ውጤቱ ከአንድ ፓርቲ ፓርላማ ብዙም አልራቀም።

የገቡት ጥቂቶቹስ ምን ሆኑ? የአብኑ አቶ ክርስቲያን ታደለ በሐምሌ 2015 የአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ ታሰሩ፣ ያለመከሰስ መብታቸው በምክር ቤቱ የተነሳው ግን ከታሰሩ ከወራት በኋላ ነው። በሀሳባቸው ተስማማንም አልተስማማንም በሰው ድምፅ የገቡ ተመራጭ ናቸው፣ የመረጣቸው ሕዝብ ወንበር ያለ ሰው ቀረ ማለት ነው። ቅንጅት ከምርጫ 97 በኋላ አንገባም አለ፣ እሳቸው ከወንበራቸው ተወሰዱ፣ ለመራጩ ግን ያው ነው፣ ሊናገርለት የላከው ሰው እዛ የለም።

ለዚህ ነው ሁለት ነገር የምጠይቀው። አንደኛ ከድምፁ ጋር የሚመጣጠን ወንበር የሚሰጥ ቅይጥ ሲስተም በግልጽ ይመከርበት፣ ህገ መንግስቱን መንካት ቢጠይቅም። ሁለተኛ ተቃዋሚ ፓርቲዎች አንድ ወንበርም ይሁን አስር፣ ያገኙትን ይዘው ይግቡ፣ አቤቱታቸውን እዛው ውስጥ ቆመው ያሰሙ።