እርማት፦ የተሰረቀ ዕቃ እጅህ ላይ ስለተገኘ ብቻ ወንጀለኛ አትባልም

ወንድሜ «አሜሪካ ውስጥ የተሰረቀ ዕቃ ከተገኘብህ አለቀልህ፣ ንፁህ መሆንህን ራስህ ነህ የምታረጋግጠው» ያልከው ልክ አይደለም፣ ሰው ሁሉ ስለሚለው ነው እውነት የሚመስለው። ዕቃው በቅርብ የተሰረቀ ከሆነና አጥጋቢ ማብራሪያ ከሌለ ጁሪው (ጥፋተኝነትን የሚወስኑት ተራ ዜጎች) «መሰረቁን ያውቅ ነበር» ብሎ መደምደም ይችላል፣ ይችላል ነው እንጂ ግዴታ የለበትም፣ የማስረዳት ሸክሙም ከአቃቤ ሕጉ ላይ አይወርድም።

በፈረንጆቹ 1973 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ባርነስ በተባለ ተከሳሽ ጉዳይ የወሰነውን እይ። ሰውየው ከፖስታ የተሰረቁ የመንግሥት ቼኮችን በሐሰት ስም በከፈተው አካውንት አስገብቷል፣ ሲጠየቅ «ቤት ለቤት ፈርኒቸር የሚሸጡልኝ ሰዎች ናቸው የሰጡኝ» አለ፣ ግን የአንዳቸውንም ስም መናገር አልቻለም፣ ፈርኒቸር የታዘዘበት ወረቀትም የለውም፣ በዛ ላይ የእጅ ጽሕፈት ኤክስፐርት ቼኮቹ ጀርባ ላይ የፈረመው እሱ ነው ብሎ መሰከረ። እና የተፈረደበት ቼኩ ስለተገኘበት ብቻ ነው እንዴ? ይሄ ሁሉ ተደምሮ ነው እንጂ!

ደሞ ማብራሪያው የግድ ካንተ አፍ መውጣት የለበትም፣ ደረሰኝ፣ ከሻጩ ጋር የተጻጻፍከው ቴክስት፣ ምስክር ሊሆን ይችላል፣ ፍርድ ቤት ቀርበህ አለመመስከር መብትህ ነው። ስለዚህ እባካችሁ ያገለገለ ስልክ ገዝቶ የተሰረቀ ሆኖ የተገኘበትን ሰው «ዝም ብለህ ጥፋተኛ ነኝ በል» ብላችሁ አትምከሩ፣ መጀመሪያ ጠበቃ ያናግር።