የቁም ቅሬ

ወሎ ውስጥ ሰው፣ እስላምም ይሁን ክርስቲያን፣ ቅሬ ከሌለው ሞቶ እንኳ አያምርበትም። ሌላው አገር እድር የሚለው ማኅበር መሆኑ ነው፤ ድንኳን ይተክላል፣ መቃብር ያስቆፍራል፣ ለቀስተኛ ያበላል። ያለበት ጉድለት አንድ ብቻ ነው፤ ይህ ሁሉ ሲደረግለት ባለቤቱ አያየውም። ጉድለቱን ያረሙት ደሴ ላይ፣ የጦሳን ተራራ ተንተርሶ በተሠራ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ የሚኖሩ ሽማግሎችና ባልቴቶች ናቸው። ተዝካሩን በቁሙ የሚያወጣ ሰው ካለ፣ ቅሬውንስ በቁሙ መብላት ምን ይከለክለዋል ብለው የቁም ቅሬ መሠረቱ።

ጸሐፊ ሆነው የተመረጡት የቀድሞ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ናቸው። መንግሥት በ60 ዓመታቸው በጡረታ ቢያሰናብታቸውም፣ ቃለ ጉባኤ ከመያዝ የሚያሰናብታቸው ሕግ እስካሁን አልወጣም። መዋጮው በጥሬ ገንዘብ አይደለም፤ ዓይን ያለው በዓይኑ፣ እግር ያለው በእግሩ ይከፍላል። ጆሮ የተረፋቸው ሁለት አባላት ደግሞ «የሰማህ ላልሰማህ አሰማ» የሚለውን የጥንት አዋጅ ቃል በቃል ይፈጽማሉ፤ በዚህም የተነሣ በግቢው ውስጥ ምሥጢር የሚባል ነገር የለም። ኪኒናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው የሚይዙት እሜቴ በየማለዳው ቋጠሯቸውን ፈትተው በጸሐፊው መዳፍ ላይ ያፈሱታል፤ ጸሐፊውም መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው የደም ግፊቱን ከስኳሩ ይለያሉ። እሜቴ በምላሹ የጸሐፊውን ካፖርት ቁልፍ ይተክላሉ፤ መርፌው ውስጥ ክሩን የሚያስገቡት ግን ሦስተኛ ሰው ናቸው፤ እሳቸውም የሚከፈላቸው በወሬ ነው።

በረመዳን ሼሁን ለሱሁር የሚቀሰቅሷቸው እንቅልፍ ከከዳቸው የቆዩት መሪጌታ ናቸው። ሼሁም ብድሩን ረቡዕና ዓርብ ይመልሳሉ።

«መሪጌታ፣ እጅዎን ከወተቱ ያንሡ፤ ዛሬ ረቡዕ ነው።»

«አብሽር ሼሁ፣ ቡናዬ ላይ ጠብ ላደርግ ነው እንጂ ልጠጣው አይደለም።»

«ጠብታውንም መላእክት ይቆጥሯታል።»

ይህን ሁሉ እየተረዳዱ፣ ተረጂ ነኝ የሚል ሰው ፈልጎ ማግኘት ግን አይቻልም። እንግዳ በመጣ ቁጥር እያንዳንዳቸው ወደ ጎረቤታቸው አልጋ በአገጫቸው እያመለከቱ፣ «እኔማ እዚህ የተቀመጥሁት ለእኚህ ምስኪን ብዬ ነው» ይላሉ። ምስኪኑም በበኩላቸው ያንኑ ይላሉ። እኔ እስካየሁት ድረስ መጦሪያው ሞልቶ የሚኖረው በጧሪ ብቻ ነው።

ቅሬው የማይገባበት ጉዳይ የለም። በበዓል ዋዜማ ብስኩትና ሳሙና ይዘው፣ ከሳሙናው የሚበልጥ ካሜራ አስከትለው ለሚመጡ በጎ አድራጊዎች ሲባል የማልቀስ ተራ ወጥቷል፤ ተረኛው እንባ ቢያጥረው ሽንኩርት የምታቀብል አባልም ተመድባለች። ወታደር የነበሩት አዛውንት ደግሞ በኅዳር 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ሲደበድቡ ጃንሆይ ራሳቸው መትረየስ ሲተኩሱ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ ይላሉ። መደብደቡም መተኮሱም እውነት ነው፤ በመዝገቡ የሰፈረው የአዛውንቱ የልደት ዘመን ግን 1935 ዓ.ም. ነው። ጸሐፊው ይህን ሊያነቡ ሲሉ ጉባኤው አስቁሟቸው፣ በአባል ትዝታ ላይ ሂሳብ መሥራት በአንድ ሳምንት የቡና ማፍላት ቅጣት እንደሚያስቀጣ በሙሉ ድምፅ ወሰነ።

ባለፈው ስብሰባ የቀረበው አቤቱታ ግን ከበድ ያለ ነበር። ከግቢው ሁሉ ጤነኛ የሆኑት፣ ዘወትር ሲላኩ የሚውሉት የቀድሞ የሃረጎ መንገድ ሾፌር፣ «ስከፍል ኖሬ አንድ ቀን እንኳ አልደረሰኝም፤ ይህ ግፍ ነው» ብለው ተነሡ። ጉባኤው ከአቦል እስከ በረካ ከተከራከረ በኋላ፣ ከሰኞ ጀምሮ ለሦስት ቀን እንዲታመሙ፣ ጠያቂም በየተራው አልጋቸው ድረስ ገንፎ ይዞ እንዲመጣ በድምፅ ብልጫ ፈቀደላቸው። ሼሁ ግን የልዩነት ሐሳባቸው በቃለ ጉባኤው እንዲሰፍርላቸው ጠይቀዋል፤ ቅቤው ከራሳቸው ከታማሚው ይሁን ባይ ናቸው።