ሳጥኑን ያየ ፍሬኑን አላየ

ዴንማርክና ኢትዮጵያን የሚያመሳስል ነገር ቢፈለግ ቶሎ የሚገኘው የመኪና ቀረጥ ነው። ዴንማርክ ውስጥ የምዝገባ ግብሩ በላይኛው የዋጋ እርከን 150 በመቶ ይደርሳል። እኛም ዘንድ የ2012 ዓ.ም. የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያረጀ መኪና ማስገባትን እንኳ የባለጸጋ ወግ አድርጎት ነበር። ልዩነቱ መኪና ያልገዛው ቤተሰብ በምን ይሄዳል የሚለው ላይ ነው። አዲስ አበባ ልጅ በሰርቪስ ይሄዳል፣ ያም ካልሆነ ታክሲ ይሰለፋል። ኮፐንሃገን ግን አባት ወይም እናት ሁለት ልጅ፣ የትምህርት ቤት ቦርሳና አስቤዛ ሳይክል ላይ ጭነው ይነዳሉ። ከተማው ራሱ በሚያወጣው የሳይክል ዘገባ መሠረት ሁለትና ከዚያ በላይ ልጆች ካሏቸው ቤተሰቦች ከአራቱ አንዱ ገደማ የጭነት ሳይክል፣ ማለትም ልጅና ዕቃ የሚጫንበት፣ ብዙውን ጊዜም ሳጥን የተገጠመለት ሳይክል አለው።

አሁን አዲስ አበባም በኮሪደር ልማቱ የሳይክል መስመር እያገኘች ስለሆነ «ይቺን ነገር ወደ አገር ቤት ብንወስዳትስ?» የሚለው ሐሳብ ውጭ ባለነው ዘንድ በርትቷል። ሐሳቡ ክፋት የለውም። ክፋቱ ሰው ሳጥኑን አይቶ ፍሬኑን አለማየቱ ነው።

በባለሦስት ጎማዋ እንጀምር። በጣም የታወቀችው በ1984 እ.ኤ.አ. ክርስቲያኒያ በተባለው የኮፐንሃገን ሰፈር ተሠርታ ስሙን የወረሰችው ናት፤ ሁለት ጎማ ከፊት፣ አንድ ከኋላ፣ ፊት ለፊት የኮምፔርሳቶ ሳጥን። ቆማ አትወድቅም፣ ሕፃን ሲሳፈር አትንገዳገድም፤ አዲስ ወላጅ የሚወዳትም ለዚህ ነው። ጉዷ የሚወጣው ስትታጠፍ ነው። ተራ ሳይክል ሲታጠፍ ወደ ውስጥ ያዘነብላል፣ እሷ ግን አትችልም። ነጂው ፍጥነቱን ሳይቀንስ፣ ገላውንም ወደሚታጠፍበት በኩል ሳይጥል ከጠመዘዛት የውስጠኛው ጎማ ከመሬት ይነሳል። ባዶዋን ስትሆን ይብሳል፤ ወደ ታች የሚይዛት ክብደት የለማ። መንገዱ ወደ ቦይ ካዘነበለ ደግሞ መሪዋ ቀኑን ሙሉ ወደ ቦዩ ይጎትታል። የአዲስ አበባን የመንገድ ዳር ለሚያውቅ ሰው ይህን ማብራራት አያስፈልግም።

ከዚያ ዳገቱ አለ። የመላው ዴንማርክ ከፍተኛ ቦታ 171 ሜትር አይሞላም። አዲስ አበባ ከአቃቂ 2,100 ሜትር ገደማ ጀምራ እንጦጦ ላይ 3,000ን ታልፋለች። ነጂው 70 ኪሎ፣ ሳይክሉ 35፣ ሁለቱ ልጆች 35 ቢሆኑ ድምሩ 140 ኪሎ ነው። በየ100 ሜትሩ 5 ሜትር በሚወጣ መንገድ ይህን ጭነት በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ለመግፋት 230 ዋት ያህል ኃይል ይጠይቃል። ስፖርተኛ ያልሆነ ሰው ሳያርፍ የሚያወጣው ከ100 ዋት ብዙም አይርቅም፤ ያውም የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ በሩብ ያህል ባነሰበት ከተማ። ያለ ሞተር አይታሰብም ማለት ነው።

መውጣቱን ሁሉም ያስበዋል፤ የሚከፋው ግን መውረዱ ነው። ያው 140 ኪሎ 100 ሜትር ከፍታ ሲወርድ ፍሬኑ የሚውጠው ሙቀት ግማሽ ሊትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል። ለሜዳ አገር የተሠሩ ብዙ የቤተሰብ ሳይክሎች ፍሬናቸው ጎማው መሃል ተደፍኖ የተቀመጠ ነው። ዝናብና የክረምት ጨው አያገኘውም፣ ዓመት ሙሉ ሳይነካ ይሠራል፣ ለኮፐንሃገን ተስማሚ ነው። ረጅም ቁልቁለት ላይ ግን ሙቀቱን የሚያስወጣበት መንገድ የለውም፤ እጀታው እየተጨበጠ ሳይክሉ እየፈጠነ ይሄዳል። ለአዲስ አበባ ፊትም ኋላም በዘይት የሚሠራ የዲስክ ፍሬን፣ ዲስኩም ከ180 ሚሊ ሜትር ያላነሰ መሆን አለበት። የፍሬኑ ሸራ ቅርጽ በየሥሪቱ ስለሚለያይ መለዋወጫው ከሳይክሉ ጋር በርከት ተደርጎ ይገዛ።

ባለሁለት ጎማው፣ ሳጥኑ በነጂውና በፊተኛው ጎማ መካከል ዝቅ ብሎ የተቀመጠው ሳይክል አነዳዱ ከባለሦስት ጎማዋ እጅግ ይሻላል፤ ልጆቹም ከዓይን አይርቁም። ርዝመቱ ግን 2 ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ኮፐንሃገን ላይ ግቢ ውስጥ ወይም መንገድ ዳር ተቆልፎ ያድራል። አሳንሰር በሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ለሚኖር ሰውስ?

ስለዚህ ለአገራችን የሚቀርበው ሦስተኛው ዓይነት ነው፤ ኋላው የረዘመ፣ ልጆች ከነጂው ጀርባ የሚቀመጡበት። የዚህኛው ሐሳብ የሀብታም ከተማ ፈጠራ ብቻም አይደለም። ኤክስትራሳይክል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ መነሻ በ1990ዎቹ ኒካራጓ ውስጥ የተሞከረ የጭነት ሳይክል ነው።

ሞተር ሲመረጥ ጎማው መሃል ያለው ርካሽ ነው፤ ዳገት ላይ ፍጥነቱ ሲወርድ ግን ኃይሉ ሙቀት እየሆነ ይቀራል። ፔዳሉ ጋ የሚገጠመው በማርሹ ስለሚታገዝ ዳገት ይወጣል፤ በምትኩ ካቴና ቶሎ ይበላል። እንደ ቦሽ ያሉት ስመ ጥር ሞተሮች ሲበላሹ የሚመረመሩት በኩባንያው ሶፍትዌር ነው፤ ወኪል በሌለበት አገር ይህ ራስ ምታት ነው። ባትሪውን በሻንጣ አስገባለሁ ብሎ የሚያስብም አይጠፋም። የመንገደኛ አውሮፕላን እስከ 100 ዋት ሰዓት (የባትሪ አቅም መለኪያ ነው) ይፈቅዳል፣ በአየር መንገዱ ይሁንታ እስከ 160። የሳይክል ባትሪ 400 እና 500 ነው።

ያገለገለ ገዝቶ በኮንቴይነር ለሚልክ አንድ ማሳሰቢያ፦ በፌብሩዋሪ 2024 የኔዘርላንድ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ባቦ የተባለው አምራች የጭነት ሳይክል መሸጥ እንዲያቆምና የሸጣቸውንም እንዲሰበስብ አዟል፤ ምክንያቱ የቴላዮ መሰበር ነው። ሻጭ ዋጋ ሲጥል መጀመሪያ ሥሪቱን መጠየቅ፣ ቀጥሎም ሳይክሉን ገልብጦ ሳጥኑ ከዋናው ቱቦ የሚገናኝበትን ብየዳ በባትሪ መብራት ማየት ነው።

ባሕር ዳርና ሐዋሳ ሌላ ታሪክ ነው። ሜዳ ናቸው፣ ሰዉም ሳይክል ያውቃል፤ ሞተር የሌለው ኋላው የረዘመ ሳይክል ደህና በያጅ ካለ እዚያው ይሠራል። ብልሃቱ የቆየውን ሳይክል ቴላዮ አለመበየድ ነው። ቱቦው ስስ ስለሆነ በኤሌክትሪክ ብየዳ ይቀደዳል፤ ባይቀደድም ይደክማል። ማራዘሚያው ለብቻው ከ25 በ25 ሚሊ ሜትር ቱቦላሬ (ባለ አራት ማዕዘን የብረት ቱቦ) ይሠራና የኋላ ጎማው ይገባበት ከነበረው ቦታ በሁለት በኩል፣ ከፔዳሉ ጀርባ ደግሞ በአንድ፣ በቡሎን ይታሰራል። የቱቦላሬው ውፍረት 1.5 ሚሊ ሜትር ይሁን፤ ባለ 1 ሚሊው በብየዳው ጎን ይሰነጠቃል። ጎማው 40 ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ ሲሄድ ካቴናው 80 ሳንቲ ሜትር ይጨምራል፤ አንዱ ቁራጭ 1.27 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ 63 ያህል ቁራጭ ይቀጠላል፣ ሁለተኛ ካቴና ይገዛል ማለት ነው። የኋላ ፍሬን ገመዱም አይደርስም፤ ቀጥሎ ከማሰር ረጅም መፈለግ ይሻላል።

የኋላ ቸርኬ 36 ሽቦ ያለው፣ ጎማው 5 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሰፋ ይሁን፤ ኮብልስቶን ላይ ቀጭን ጎማ ሽቦ ይበጥሳል። ከሁሉ የሚረሳው የጎማው ጎን ነው። ፖርቶመጋላ ላይ የተቀመጠ ልጅ እግሩ ሽቦው ውስጥ የሚገባው ሳይክሉ ሲፈጥን ብቻ አይደለም፣ ሲነሳም ነው። ከመቀመጫው እስከ ጎማው መሃል ድረስ በሁለቱም በኩል በላሜራ ወይም በስስ ኮምፔርሳቶ ይሸፈን፤ እግር ማሳረፊያና ዙሪያውን መያዣ ብረትም ይኑረው። ከባዱ ልጅ ወደ ነጂው ይጠጋ፤ ክብደት ከኋላ ጎማው መሃል ካለፈ ፊቱ ይቀላል፣ መሪው ይዋልላል። ማቆሚያውም ባለሁለት እግር፣ እግሮቹ መሬት ላይ ቢያንስ 40 ሳንቲ ሜትር የተራራቁ ይሁኑ።

ልጅ ከመሳፈሩ በፊት 60 ኪሎ አሸዋ በሁለት ጆንያ ታስሮ ለአንድ ሳምንት ይነዳ። በዚያ ጊዜ የኮብልስቶኑ መንቀጥቀጥ የሚያላላቸው ዳዶዎች ይለያሉ፤ እነሱም በባለ ናይለን ይተካሉ። ከዚያ ቀለሙ ይፈተሻል፦ ብየዳው ጎን ቀጭን የዝገት መስመር ካለ ያ ክፍል ተቆርጦ እንደገና ይሠራል እንጂ ላዩ ላይ አይደረብበትም።