የኔ ኤክሴልና የአባዬ ፊልድ

ሰኔ 2017 ላይ መሥሪያ ቤቴ ለሁለት ሳምንት ሥልጠና ሙኒክ ላከኝ። ሥልጠናው ከሰኞ እስከ ዓርብ ነው። መሃል ላይ አንድ ቅዳሜና አንድ እሁድ አለ። ትኬቱ ሲደርሰኝ መጀመሪያ ያየሁት የሥልጠናውን ፕሮግራም እንዳይመስላችሁ። እነዚያን ሁለት ቀናት ነው ያየሁት። ወዲያው ኤክሴል ከፈትኩ። ሰዓት፣ ኪሎ ሜትር፣ የመኪና ማቆሚያ፣ የቤንዚን ግምት፣ ምሳ የት። ባለቤቴ ከኋላዬ ቆማ አየችና «ለሠርጋችን እንኳ እንዲህ አላቀድክም» አለችኝ። እውነቷን ነው።

አሜሪካ አሥራ ስድስት ዓመት ስኖር ከፈረንጅ የቀዳሁት አንዱ ነገር ይሄ ነው። ለሥራ የተላከ ሰው ሥራውን ጨርሶ ዝም ብሎ አይመለስም። አንድ ቀን ቀድሞ ይሄዳል ወይ አንድ ቀን ዘግይቶ ይመለሳል፤ እግረ መንገዱን ሀገር ያያል። ማንም አይታዘበውም። ሰኞ ጠዋት አለቃው ራሱ «ታዲያ የት የት ሄድክ?» ብሎ ይጠይቀዋል።

እኛም ጋ አለ እኮ፤ ስሙ ነው የሚለየው። ፊልድ ይባላል። አባዬ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የመንግሥት ሠራተኛ ነበር፤ ሙያው ከብት እርባታ ነው። በወር ውስጥ ግማሹን ፊልድ ነው። ላንድሮቨር መጥታ ትወስደዋለች፤ ከሳምንት ወይ ከአሥር ቀን በኋላ አቧራ ለብሳ ትመልሰዋለች። እኛ ልጆቹ የሀገራችንን ካርታ የተማርነው ከመኪናዋ ኋላ ከሚወርደው ዕቃ ነው። የሻሸመኔ ድንች ከሆነ በሐዋሳ በኩል መጥቷል። ሙዝ ከሆነ አርባ ምንጭ ነበር። ቅቤ ወላይታ፣ ማር ጎጃም። ሽንኩርት ከሆነ መቂ ላይ ቆመዋል ማለት ነው። ከሰል በማዳበሪያ ሁሌም አለ፤ ያለ ከሰል የተመለሰችበትን ቀን አላስታውስም። የመንግሥት መኪና ለዚህ ይፈቀዳል ወይ አትበሉኝ። ሹፌሩም የራሱ ሁለት ማዳበሪያ ነበረው።

አንድ ጊዜ ትልቅ ከሆንኩ በኋላ «አባዬ፣ ጫሞ ሐይቅ ላይ አዞዎቹን አይተሃቸዋል?» አልኩት። አርባ ምንጭ ከአሥር ጊዜ በላይ ሄዷል። ከአዲስ አበባ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ያኔ በዚያ መንገድ ቀኑን ሙሉ ይፈጃል። ገርሞት አየኝ። «አዞ ለማየት ነው ጀልባ የምከፍለው?» አለኝ። ሀገሩን ጥግ እስከ ጥግ የረገጠ ሰው ነው፤ ግን አንድም ቀን «ልጎብኝ» ብሎ አልወጣም። አንድም ፎቶ የለውም። አበሉን ቆጥቦ ለኛ ጫማ ይገዛበታል።

ወደ ሙኒክ ልመለስ። መሥሪያ ቤቱ የተከራየልኝ መኪና ለሥራ ብቻ ነው። ቅዳሜ ወስጄው አንድ ነገር ቢነካ ኢንሹራንሱ አይሸፍንም፤ ጠይቄ አረጋግጫለሁ፤ እናንተም በኢሜይል ጠይቁ፣ መልሱንም አስቀምጡት። እናም ዓርብ ማታ የኩባንያውን መልሼ በራሴ ገንዘብ ሌላ ተከራየሁ። የአሜሪካ መንጃ ፈቃዴ ላይ ዓለም አቀፉን ጨምሬ ይዣለሁ። ባንኮኒው ላይ ያለው ልጅ ኦቶማቲክ ማለቁን ነገረኝ። ማንዋል ብቻ ነው የቀረው። ሳቅኩኝ። «እኔ እኮ መንዳት የተማርኩት አዲስ አበባ ነው» ማለት አማረኝ፤ ግን ምን ይገባዋል። ቁልፉን ተቀብዬ ወጣሁና የመጀመሪያው መብራት ላይ ሞተሩ ጠፋብኝ። ሁለተኛውም ላይ። አሥራ ስድስት ዓመት ፍሪሲዮን ያልረገጠ እግር እንዲህ ያዋርዳል። ከኋላዬ ማንም ጥሩምባ አልነፋም፤ ይሄ ደግሞ ይበልጥ አሳፈረኝ። መገናኛ ቢሆን ኖሮ እናቴ ድረስ ተሰድቤ ነበር፤ ቢያንስ እልህ ይዞኝ አስነሳው ነበር።

ቅዳሜ በጠዋት ወደ ጋርሚሽ። የጀርመኑ ፈጣን መንገድ፣ አውቶባኑ ላይ የፍጥነት ገደብ የሌለበት ክፍል እንዳለ ሁሉም ያውቃል። ሰው የማያውቀው ግን ሌላው ሕግ እንዴት ጥብቅ እንደሆነ ነው። በቀኝ በኩል መቅደም ክልክል ነው። ሜሪላንድ ውስጥ በቀኝም በግራም ነው የምንቀድመው፤ አዲስ አበባ ደግሞ ቢመች በእግረኛው መንገድ ላይ ነው። አውቶባን ላይ ቤንዚን ጨርሶ መቆምም ያስቀጣል፤ ማሰብ ነበረብህ ነው ነገሩ። ገደብ በሌለበትም ቢሆን የሚመከረው ፍጥነት 130 ነው። እኔ 130 ላይ ሆኜ መሪውን በሁለት እጄ አንቄ ስሄድ አንዲት ሽበታም ሴትዮ እንደ ጥይት አልፋኝ ሄደች። በዚያ ፍጥነት መንዳት የተቻለው መኪናው ጥሩ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ከፊቷ ያለው ሰው ሁሉ ምን እንደሚያደርግ ታውቃለች። የኛ ሰው ሲኖትራክን ቀይ ሽብር፣ አይሱዙን አልቃይዳ ብሎ ስም ያወጣው ለቀልድ ብቻ አይመስለኝም። ከፊት የሚመጣው ምን እንደሚያደርግ ስለማይታወቅ ነው።

ትንሽ ቆይቶ መንገዱ ተዘጋ። ገና ሳይቆሙ መኪናዎቹ ለሁለት ተከፈሉ። በግራ ያሉት ወደ ግራ ጥግ፣ የቀሩት ወደ ቀኝ ተጠጉ፤ መሃሉ ባዶ ሆነ። አምቡላንስ ገና አልመጣም እኮ! ቢመጣ ብለው ነው። ሕጉ እንዲያ ነው። እኔም ተጠጋሁ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ መጣና በመሃላችን ሽው ብሎ አለፈ። ስንቱን ነገር ባያስቀናኝ ይሄኛው አስቀናኝ።

ጋርሚሽ ላይ የጀርመን ትልቁ ተራራ አለ፤ ሱግሽፒትሰ፣ 2,962 ሜትር። ሰው ከዓለም ዳርቻ መጥቶ፣ ተሰልፎና ውድ ትኬት ቆርጦ በኬብል መኪና ይወጣዋል። እኔ ሥሩ ካለው ሐይቅ ዳር ሆኜ አንጋጥጬ አየሁት፣ ያምራል፣ በሰኔም አናቱ ላይ በረዶ አለ። ግን ቁጥሩን ሳይ ሳቄ መጣ። እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። የልጅነት ጎረቤታችን እማማ በየቀኑ ከጀርመን ትልቁ ተራራ በላይ ከፍ ካለ ቦታ እንጨት ተሸክመው ይወርዱ ነበር፤ ባዶ እግራቸውን። አሁን እንጦጦ ላይ ፓርክ ተሠርቷል፤ ሲከፈት እኔ አልነበርኩም። ፎቶውን አየሁት፤ ቆንጆ ነው፤ የእማማን መንገድ ግን ፈልጌ አላገኘሁትም።

ከጋርሚሽ ወደ ኖይሽቫንሽታይን ቤተ መንግሥት ስሄድ ስልኬ «ወደ ኦስትሪያ እንኳን ደህና መጡ» አለኝ። ደነገጥኩ። ጂፒኤሱ በአቋራጭ ወስዶኝ ነው። አንድም ሰው፣ አንድም ኬላ አላየሁም። ለሼንገን ቪዛ ስንት ወረቀት እንደሚጠየቅ የሚያውቅ ሐበሻ፣ ሳያውቀው ሀገር ተሻግሮ ሲያገኘው የሚሰማውን ስሜት ለጀርመን ማስረዳት አይቻልም። ኪራዩን ስወስድ ኦስትሪያ ልገባ እንደምችል ነግሬ ማስፈቀዴ በጀ። የኦስትሪያን ፈጣን መንገድ የሚጠቀም ሰው ደግሞ ቪኜት የሚባል ነገር መግዛት አለበት፤ ያኔ መስታወት ላይ ይለጠፍ ነበር፣ ልክ እንደ ቦሏችን። እኔ የሄድኩበት ተራ መንገድ ስለነበር ለዚያ ቀን አላስፈለገኝም። ለእሁድ ሳልዝበርግ ግን ከማደያ የአሥር ቀን ገዝቼ ለጠፍኩ። ይቺን ቦሎ አስታውሱልኝ።

ቤተ መንግሥቱ ጋ በሰዓቴ ደረስኩ። ትኬቱ ሰዓት አለው፤ ካመለጠ አመለጠ። ዲዝኒ የቀዳው ነው የሚባለው፣ ጫፉ የሾለው ነጭ ቤተ መንግሥት። ያሠራው ንጉሥ ሉድቪግ ዳግማዊ ነው። ጅማሬው እ.ኤ.አ. 1869፤ አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ በሞቱ በዓመቱ። ንጉሡ ዕዳ ውስጥ ተዘፈቀ፤ በ1886 «አእምሮው ልክ አይደለም» ተብሎ ከሥልጣን ወረደ፤ በቀናት ውስጥ ከሐኪሙ ጋር ሐይቅ ውስጥ ሞቶ ተገኘ። ቤተ መንግሥቱ ገና አላለቀም ነበር። የዙፋን አዳራሽ አለው፤ ዙፋን የለውም። ንጉሡ በሞተ በሳምንታት ውስጥ በሩን ለጎብኚ ከፈቱት፣ እስከ ዛሬም ያስከፍላሉ፤ በዓመት ከአንድ ሚሊዮን ሰው በላይ። እኔ ከተመለስኩ በኋላ ሐምሌ ላይ ዩኔስኮም መዘገበው።

አስጎብኚዋ ሠላሳ ደቂቃ አስሮጠችን። ውስጥ ፎቶ ክልክል ነው። እኔ የማስበው ሌላ ነገር ነበር። ይሄ ሕንፃ የጥንት ለመምሰል የተሠራ ነው። አፄ ፋሲል ጎንደር ላይ የገነቡት ይሄኛው ሲጀመር ሁለት መቶ ዓመት አልፎት ነበር። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. 1979 መዝግቦታል። እናቴ ጎንደሬ ናት። የፋሲልን ግንብ ግን እኔ አይቼው አላውቅም! ያየሁት ሲልቨር ስፕሪንግ ሐበሻ ምግብ ቤት ግድግዳ ላይ ነው፤ «የአሥራ ሦስት ወር ፀሐይ» ከሚለው ፖስተር አጠገብ። ክትፎ እየበላሁ።

ሀገር ቤት አምስት ጊዜ ተመልሻለሁ። ሁሌም ሦስት ሳምንት። ሁሌም ጎንደር እቅድ ውስጥ አለ። የመጀመሪያው ሳምንት ለቅሶ መድረስ ነው፤ እኔ በሌለሁበት የሞቱት ተከማችተው ይጠብቁኛል። ሁለተኛው ጥየቃ ነው፤ አንዱን ጠይቀህ ሌላውን ከተውክ ጉድ ነው። ሦስተኛው ሠርግ፣ ካልሆነም የመሬት ወይ የውክልና ጉዳይ። ከዚያ ሻንጣ። ያኔ መንገዱ ሰላም ነበር፤ ጊዜ ነበር ያጣሁት። አሁን ጊዜውን ባገኝ መንገዱ አይገኝም። አባዬ በሌሊት በላንድሮቨር ያቋርጠው የነበረውን የጎጃም መንገድ ዛሬ ሰው እየታገተ ቤዛ ይጠየቅበታል። ዘመዶቼ አውሮፕላን ካልሆነ አትሞክረው ይሉኛል። ስለዚህ «አጉል ፈረንጅ ሆኖ የሰው ሀገር ይጎበኛል» የሚለኝ ካለ፣ ግማሹን አምናለሁ፤ ግማሹ የኔ ጥፋት አይደለም።

እሁድ ሳልዝበርግ ነበር። ሞዛርት የተወለደበት ቤት፣ ከዚያ መልስ ላይ ኮኒግስዜ ሐይቅ፤ ጀልባዎቹ ከ1909 ጀምሮ በኤሌክትሪክ ነው የሚሄዱት። ኤክሴሉ ላይ ቀለም ሁሉ ቀብቼለታለሁ። ቅዳሜ ማታ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ስልክ ጮኸ። የእናቴ አክስት ልጅ ናቸው። በደርግ ጊዜ ወጥተው ሙኒክ የቀሩ። እናቴ ደውላላቸዋለች።

«ሙኒክ መጥተህ ሳትጠይቀኝ ልትሄድ ነው?»

«ኧረ እትዬ፣ ነገ ሳልዝበርግ ስለምሄድ ሰኞ ማታ ብዬ ነው።»

«ምን አለ እዚያ?»

«አይ፣ ሀገሩን ለማየት ነው።»

«ሀገሩ የት ይሄዳል? እኔ ነኝ የምሄደው፤ ሰባ ስድስት ሞላኝ እኮ።»

ተሸነፍኩ። ጠዋት ደግሞ ሌላ ችግር። ባዶ እጅ አይገባም፤ ጀርመን ደግሞ እሁድ ሱቅ ዝግ ነው። ሱፐርማርኬቱ፣ የልብስ ቤቱ፣ ሁሉም ጭጭ። እኛ ሰንበትን እናከብራለን እንላለን፤ ሱቃችን ግን ሌሊቱን ሁሉ ክፍት ነው። አሜሪካማ ተዉት። እነዚህ ግን ቤተ ክርስቲያን የማይሄዱትም ጭምር እሁድን በሕግ ያስከብራሉ። ዞሬ ዞሬ ማደያ ገባሁ። አበባና ቸኮሌት ገዝቼ ሄድኩ። እትዬ አበባውን አይተው «ከማደያ ነው አይደል?» አሉ፤ ሁሉም እሁድ የሚመጣ እንግዳ ከዚያ ነው የሚገዛው። ሦስት ቡና ተፈላ። ዶሮ ወጥ ነበር። የማላውቃቸው አራት ዘመዶች መጡ፤ አንዱ በአባቴም በእናቴም ዘመዴ ሆኖ ተገኘ። ስወጣ ማታ ሁለት ሰዓት አልፏል፤ በነሱ ሰኔ ገና ፀሐይ አልጠለቀም። ቦሎዬ መስታወቱ ላይ እንደተለጠፈ ነው፤ ኦስትሪያን አላየም።

ሆቴል ገብቼ ለአባዬ በቪዲዮ ደወልኩለት። ሌሊት ነው እዚያ፤ ግን እንቅልፍ የለውም። የቤተ መንግሥቱን ፎቶ አሳየሁት። ስለ ንጉሡ፣ ስለ ዙፋኑ ነገርኩት።

«ጥሩ ነው» አለ። ዝም ብሎ ስክሪኑን አየ። «ከጀርባህ ሜዳው ላይ የሚታየው ምንድን ነው? ላም ነች?»

አየሁት። አዎ፣ ላሞች ናቸው። ቡናማ፣ አንገታቸው ላይ ቃጭል ያለ። ፎቶውን ሳነሳ አላየኋቸውም።

«ቡናማዋ ጥሩ ዘር ነች» አለ። «በቀን ስንት ሊትር ትታለባለች አሉህ?»

«አልጠየቅኩም አባዬ።»

«ገበሬው ምን ይመግባታል? በክረምት ሣሩን ከየት ያመጣል?»

«እሱንም አልጠየቅኩም።»

ሰኞ ምሳ ሰዓት ላይ አጠገቤ የተቀመጠውን የሙኒክ ልጅ ጠየቅኩት። ሹካውን አስቀምጦ ትንሽ አሰበ። እሱም አያውቅም። የኖይሽቫንሽታይንን ቤተ መንግሥትም በሕይወቱ ገብቶበት አያውቅም፤ ወንድሙ ከሚኖርበት መንደር ሃያ ደቂቃ ነው፣ እዚያ ሲሄድ ግን ሁሌ ምሳ ነው አለኝ።