በቀቀን ለመግዛት ያሰባችሁ፣ መጀመሪያ ቤታችሁን እዩት

ሰሞኑን ቲክቶክ ላይ የሚያወሩ በቀቀኖች በዝተዋል፣ አንዱ ይዘፍናል፣ አንዱ ከባለቤቱ ጋር ይከራከራል፣ ልጆች ደግሞ ያንን እያዩ "እኛም እንግዛ" ማለት ጀምረዋል፣ እዚህ አሜሪካ ያለን ወላጆች ደግሞ ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ ስለምንውል ልጅ ሲለምነን እምቢ ማለት ይከብደናል። እኔ በዚህ ነገር ላይ ያለኝ አቋም ግልጽ ነው፣ አብዛኞቻችን ትልቅ በቀቀን መግዛት የለብንም። ወፉ ክፉ ስለሆነ አይደለም፣ የኛ ኑሮና የሱ ተፈጥሮ ስለማይገጥም ነው።

ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው "ጩኸቱን ማስተው ይቻላል ወይ?" ብሎ ነው። አይቻልም፣ ቁርጡን ማወቅ ይሻላል። በቀቀን ዱር ውስጥ የሚኖረው በመንጋ ነው፣ ጎህ ሲቀድና ጀምበር ስትጠልቅ ይጠራራል፣ ማን አለ ማን ጠፋ የሚለውን የሚያጣራው በድምፅ ነው፣ ቤት ውስጥ ደግሞ መንጋው እናንተ ናችሁ፣ ከሳሎን ተነስታችሁ ኪችን ስትገቡ የሚጮኸው የት ሄዳችሁ ብሎ ነው። ሰው ቁጭ ብሎ ሲያወራ ድምፁ በድምፅ መለኪያው 60 ዴሲቤል ገደማ ነው፣ ትልልቆቹ በቀቀኖች፣ ማካው ወይም ኮካቱ፣ ሲጮሁ ግን 100 ይደርሳሉ፣ ያልፋሉም። ግድግዳው ስስ የሆነ አፓርትመንት ውስጥ፣ ከጎን የሌሊት ሺፍት ሠርቶ ጠዋት የሚተኛ ሰው እያለ ይሄ እንዴት ይሆናል? መልሶ መጮህ ደግሞ ነገሩን ያባብሰዋል፣ ወፉ ያንን የሚሰማው መልስ እንዳገኘ አድርጎ ነውና። ቀስ ያለ ድምፅ ሲያወጣ ቶሎ መልስ መስጠት፣ ብቻውን እንዲጫወት ማስለመድ፣ በቂ እንቅልፍ መስጠት፣ እነዚህ ጩኸቱን ይቀንሱታል፣ አያጠፉትም።

ዱባይ ሰው ቤት ትሠራ የነበረች አንዲት ዘመዴ የነገረችኝን ልንገራችሁ። ማዳም የገዛችው አፍሪካን ግሬይ ነበር፣ ያ ግራጫው፣ ጭራው ቀይ የሆነው። የገዛችው ማዳም ትሁን እንጂ የሚያበላው፣ ኬጁን የሚያጥበው፣ ሲያወራ የሚመልስለት ዘመዴ ነበረች፣ በአማርኛ ነው የምታወራው። ወፉ የሷን ስም በማዳም ድምፅ መጥራት ለመደ፣ እሷም ሳህን እያጠበች ጥላ ትሮጣለች፣ ስትደርስ ሳሎን ውስጥ ማንም የለም። ይሄንን ስትነግረን ሁላችንም ሳቅን። ከዛ ግን ለእረፍት አገር ቤት ደርሳ ስትመለስ ደረቱ ላይ ላባ አልነበረም፣ ቆዳው ብቻ ነበር የሚታየው፣ ራሱ ነው አንድ በአንድ የነቀለው። በቀቀን ላባውን የሚነቅለው በበሽታ ሊሆን ይችላል፣ ብዙ ጊዜ ደግሞ ብቸኝነትና ጭንቀት አለበት። ዋጋውን የከፈለውን ሰው አያውቅም፣ የሚያውቀው አብሮት የሚውለውን ነው። ስለዚህ ለልጃችሁ ስትገዙ ማን አብሮት እንደሚውል ጠይቁ፣ መልሱ "ማንም" ከሆነ በቃ።

ምን ያህል አእምሮ ያለው ፍጥረት እንደሆነ የማያምን ሰው ስለ አሌክስ ይስማ። ተመራማሪዋ አይሪን ፔፐርበርግ እ.ኤ.አ. በ1977 ቺካጎ ከአንድ የእንስሳት መሸጫ የገዛችው አፍሪካን ግሬይ ነው፣ በ2007 እስኪሞት ድረስ ከ100 በላይ ቃላት ለምዷል፣ ቀለምና ቅርጽ ይለያል፣ እስከ 6 ይቆጥራል። እንዲህ ያለውን ፍጥረት ነው እንግዲህ ሁለት ሥራ እየሠራን ከጠዋት እስከ ማታ ኬጅ ውስጥ ብቻውን ልንዘጋበት የምንፈልገው። ዕድሜውም አለ፣ ግሬይ በደንብ ከተያዘ 40፣ 50፣ 60 ዓመት ይኖራል፣ የለመነው ልጅ ኮሌጅ ይሄዳል፣ ወፉ ከናንተ ጋር ያረጃል፣ ከናንተ በኋላስ ማን ይረከበዋል?

የኛ ቤት ደግሞ የራሱ ነገር አለው፣ ይሄንን የፈረንጅ መጽሐፍ አይነግራችሁም። የወፍ ሳንባ ከሰው ይልቅ ለጭስ ይሸነፋል፣ እኛ ቡና እንቆላለን፣ እጣን እናጨሳለን፣ ሰንደልም እንለኩሳለን፣ አንድ መኝታ ቤት ባለው አፓርትመንት ውስጥ ያ ጭስ የት ይሄዳል? አቮካዶ መርዙ ነው፣ ልጅ ከሳህኑ ላይ ቆንጥሮ ቢሰጠው ሊሞት ይችላል። ቴፍሎን መጥበሻ እሳት ላይ ተረስቶ ከጋለ ደግሞ የሚወጣው ጋዝ ለሰው ሳይታወቅ ወፉን በደቂቃዎች ይገድለዋል። ቡናችሁን ተዉ እያልኩ አይደለም፣ በር የሚዘጋ፣ አየር የሚገባበት ሌላ ክፍል ከሌላችሁ ግን ወፉን ተዉት።

ከየት እንደመጣም ጠይቁ። ጋና ውስጥ ግሬይ እ.ኤ.አ. ከ1992 ወዲህ ከ90 በመቶ በላይ አልቋል፣ ዋናዎቹ ምክንያቶች ለንግድ መያዙና የደን መጨፍጨፉ ናቸው፣ ለዚህ ነው አገሮች እ.ኤ.አ. በ2016 ጆሃንስበርግ ላይ ተሰብስበው ከዱር የተያዘውን ለንግድ ድንበር ማሻገር የከለከሉት። አገር ቤት ላላችሁም ይሄው ነው፣ ግንባሩ ቢጫ የሆነው በቀቀናችን ከኢትዮጵያ ውጪ የትም የለም፣ ያቺ ትንሿ አረንጓዴ በቀቀን ደግሞ አዲስ አበባ ዛፍ ያለበት ግቢ ድረስ ትመጣለች፣ አንድ ሰው ይዞ "ግዙኝ" ቢላችሁ አትግዙ፣ ገዢ ካለ ነገ ሌላ ይዞ ይመጣል።

ለማን ይሆናል ታዲያ? የራሱ ቤት ላለው፣ ከቤት ለሚሠራ ወይም ጡረታ ለወጣ፣ ጩኸት ለማይረብሸው ሰው ይሆናል፣ እንደዚህ ዓይነት ሰው ቤት ደግሞ በጣም ደስ የሚል ጓደኛ ነው። ልጁ ወፍ ካላገኘሁ ካለ ትንንሾቹ በቀቀኖች፣ ባጂ ወይም ኮካቲል፣ አሉ፣ እነሱም ጓደኛና ጊዜ ይፈልጋሉ፣ ድምፃቸው ግን ጎረቤት አያጣላም፣ ባጂ ከ5 እስከ 10 ዓመት፣ ኮካቲል ከ15 እስከ 20 ይኖራል።

አይ እኛ ትልቁን ነው የምንፈልገው ካላችሁ ሱቅ አትሂዱ፣ ባለቤት ያጡ በቀቀኖችን የሚያሳድጉ ሼልተሮች አሉ፣ እዛ ሂዱ፣ ግን ጸጥ በሚሉበት በእኩለ ቀን ሳይሆን አመሻሽ ላይ፣ ቤተሰቡ በሙሉ፣ "እኔ አልፈልግም" ያለውም ጭምር ይምጣ፣ ጩኸቱ እስኪያበቃ አብራችሁ ተቀመጡ። ከዛ የቀድሞ ባለቤቱ ለምን እንዳመጣው ሠራተኞቹን ጠይቁ፣ ያ ምክንያት እናንተም ቤት ካለ ይዛችሁት አትውጡ።