ጓንቱ ይቅር
ያነበብኩት ጽሑፍ በዕረፍት ቀናቸው ስሜን ተራራ ወጥተው የገዳማትን ብራና የሚመዘግቡትን የጎንደር ቤተ መጻሕፍት ባለሙያ በነጭ ጓንት ሲገልጡ አሳይቷል። ጓንቱ ይቅር፤ ጣትን ያደነዝዛል፣ የብራናውን ቅጠል ጠርዝም ሊቀድድ ይችላል። ታጥቦ በደንብ የደረቀ እጅ ይበልጣል። መጽሐፉን ጠፍጣፋ አድርጎ ዘርግቶ ፎቶ ማንሳትም የስፌቱን ክር ሊበጥስ ይችላል፤ ከገበታዎቹ (ከእንጨት ሽፋኖቹ) ሥር ትራስ አስገብቶ 90 ዲግሪ ገደማ መክፈት ይበቃል። ቅጠል ከመቁጠር በፊት ጥራዙን፣ ማለትም አብረው ታጥፈው የተሰፉትን ቅጠሎች፣ መለየት ያሻል፦ አንዱ ጥራዝ ብዙ ጊዜ 8 ወይም 10 ቅጠል ነውና 7 ከተገኘ የተቆረጠ እንዳለ ስፌቱ አጠገብ ይፈተሻል። የቅጠሉ ቁጥር የሚጻፈው በለስላሳ እርሳስ ብቻ፣ እስክሪብቶ በፍጹም! ዝናብ የነካውን ፀሐይ ላይ ማስጣት ደግሞ ብራናውን ያኮማትረዋል፣ ቀለሙንም ያረግፈዋል፤ ጥላና ነፋስ ያለበት ቦታ ቀስ ብሎ ይድረቅ። ወደ ማኅደሩ (ወደ ቆዳ መያዣው) የሚመለሰው ያኔ ነው።