የማን ቁልፍ ነው የያዝኩት?

ጀማው ዛሬ ካልተነፈስኩ እፈነዳለሁ። ኮድ የማትፅፉም አንብቡት፣ ቢያንስ ሳቁብኝ።

እዚህ ጅማ መርካቶ አካባቢ ላለ አንድ ቡና ነጋዴ ትንሽ ሲስተም እየሰራሁ ነው፣ ልጆቹ ቡና ሲረከቡ የሚዛኑን ደረሰኝ ፎቶ ያነሳሉ፣ ፎቶው አማዞን ኤስ3 (ኢንተርኔት ላይ ያለ የፋይል ማስቀመጫ) ላይ ይቀመጣል፣ በቃ ይሄው ነው። ፓይተን፣ ቦቶ3 (ፓይተንን ከአማዞን ጋር የሚያገናኝ ላይብረሪ)፣ ቢበዛ ሰላሳ መስመር ኮድ። ሶስት ቀን ፈጀብኝ ወላሂ!

የአማዞን አካውንቱን የሚያስተዳድረው አዲስ አበባ ያለ የጋሼ (የነጋዴው) የወንድም ልጅ ነው። ሚስጥሩ ቁልፍ (ኮዱ አካውንቱ ውስጥ የሚገባበት፣ እንደ ፓስወርድ በሉት) ደግሞ ሲፈጠር አንዴ ብቻ ነው የሚታየው፣ ገፁን ከዘጋኸው አለቀ፣ ሌላ መፍጠር ነው። ልጁ ይሄን ያውቃል፣ እና "እንዳይጠፋ" ብሎ የት ቢያስቀምጠው ጥሩ ነው? የድርጅቱ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ። ፒን አድርጎ! ሹፌሮቹ፣ ሚዛን ላይ ያሉት ልጆች፣ ቡና የሚያፈሉት እትዬ ሳይቀሩ ያሉበት ግሩፕ። አንዱ ሹፌር ላይክ አድርጎበታል።

እሺ ብዬ ክሬደንሺያል ፋይሉ (ቦቶ3 ቁልፍ የሚያነብበት ፋይል) ውስጥ አስገባሁትና ኮዱን አስነሳሁ። አክሰስ ዲናይድ፣ አልተፈቀደልህም ማለት ነው። ቁልፉን እንደገና ኮፒ አደረግኩ፣ የበኬቱን (ኤስ3 ላይ ፎቶዎቹ የሚገቡበትን ቋት) ስም ፊደል በፊደል አየሁ፣ መሃል ላይ መብራት ሄደ፣ በዚያ ዝናብ በባጃጅ ፈረንጅ አራዳ ሄጄ ካፌ ተቀመጥኩ፣ አሁንም አክሰስ ዲናይድ። ለልጁ ደውዬ "ፐርሚሽን አንሶኝ ነው መሰለኝ" ስለው አብሽር ብሎ ሙሉ አድሚን ሰጠኝ። ለደረሰኝ ፎቶ ሙሉ አድሚን! እና ምን አለኝ? አክሰስ ዲናይድ።

በሁለተኛው ቀን ማታ ነው ጌት ኮለር አይደንቲቲ የምትባለዋ ጥሪ ትዝ ያለችኝ፣ "እኔ ማን ነኝ?" ብለህ የምትጠይቃት፣ ለራሷ ምንም ፐርሚሽን የማትፈልግ። ባለ 12 አሃዝ የአካውንት ቁጥር መለሰችልኝ። የጋሼ አይደለም። የማን ነው ብዬ ሳገላብጥ አምና የሰራሁለት ሌላ ደንበኛ! ለካ ያኔ ቁልፉን ባሽ አርሲ (ተርሚናል ስከፍት ሁሌ የሚነበብ ፋይል) ውስጥ ኤክስፖርት አድርጌው፣ ማለትም ኢንቫይሮመንት ቫሪያብል ሆኖ ለየፕሮግራሙ እንዲታይ አድርጌው፣ እዛው ረስቼዋለሁ። ቦቶ3 ደግሞ በኮድ ቁልፍ ካልሰጠኸው ራሱ በተራ ይፈልጋል፣ ኢንቫይሮመንት ቫሪያብሉ ክሬደንሺያል ፋይሉን ይቀድማል፣ መጀመሪያ ያገኘውን ይዞ ይሄዳል፣ ሌላ አለ ወይ ብሎ አይጠይቅህም። ተራው ሰነዱ ላይ ቁልጭ ብሎ ተፅፏል፣ ጥፋቱ የራሴ ነው፣ እሺ። ግን ሁለት ቀን ሙሉ የሌላ ሰው ቁልፍ ይዤ የጋሼን በር እየደበደብኩ ነበር። (ያም ደንበኛ ከስንት ወር በኋላ ቁልፉን አለመዝጋቱ! ሌባ ብሆንስ?)

አሁን ደግሞ አድሚን የሆነ ቁልፍ ቴሌግራም ላይ ፒን ተደርጎ አለ። ልጁን ስነግረው "ዲሊት አድርጌዋለሁ" አለኝ። ወንድሜ፣ ያየው አይቶታል፣ ኮፒ ያደረገው አድርጎታል፣ መዘጋት ያለበት ቁልፉ ራሱ ነው። "ስራ ይቆማላ!" አይቆምም፣ ለአንድ ዩዘር 2 ቁልፍ ይፈቀዳል፣ አዲሱን አስገብተህ መስራቱን ካየህ በኋላ አሮጌውን ትዘጋለህ። ይሄን ለማስረዳት የጨረስኩት ካርድ!

በሶስተኛው ቀን ቢሮ ሄጄ ኮምፒውተራቸው ላይ ጫንኩት። ሌላ ኤረር። የሰዓት ልዩነቱ በዝቷል ይላል። ነገሩ እንዲህ ነው፣ ጥያቄው በቁልፉ ሲፈረም ሰዓቱም አብሮ ይፈረማል፣ ኤስ3 ደግሞ ከ15 ደቂቃ በላይ ልዩነት አይቀበልም። የኮምፒውተሩን ሰዓት አየሁ፣ 9፡20። የግድግዳውን አየሁ፣ 9፡20። ሁለቱም በሀበሻ! ለኮምፒውተሩ 15፡20 መሆን ነበረበት፣ ድፍን ስድስት ሰዓት ወደኋላ ቀርቷል። ያስተካከለችው ሂሳብ ሰራተኛዋ ናት፣ "ሁሌ ይሳሳታል እኮ" አለችኝ። መልሼ ሞላሁት፣ አስረዳኋት፣ እሺ አለች፣ የመጀመሪያው ደረሰኝ ሄደ፣ ጋሼ ደስ ብሏቸው ቡና አስፈሉልኝ።

ዛሬ ጠዋት ደወለች። "ወንድሜ፣ ፎቶው አልሄድ አለን። እንዴ ደግሞ ያ ሰዓት ተበላሽቶ አደረ፣ አታስብ ግን፣ እሱን አስተካክዬዋለሁ።"